ጤነኛ እግር ያሰርኩ ዕለት

ገዳሪፍ፣ ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ ታከለ፣

እንደምን ከረምክ? ሚስትህና ልጆችህ፣ ያቺ እንደ አሮጊት የምታስለው የስፌት መኪናህም ደህና ናቸው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ሌላ ጊዜ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነበር፤ ይህኛውን በራሴ እጅ የጻፍኩት እሱም እንዳያውቀው ብዬ ነው። ፊደሉ ከተንጋደደብህ መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝን ውቀስ።

የሎሪ ሾፌሩ ቱርካ ጎንደር ደርሶ "ልጅህ ኳስ ሜዳ ላይ እግሩ ተሰበረ" እንዳለህ፣ አንተም "ይቆረጥ ይሆን ወይ? እውነቱን ንገሪኝ" ብለህ እያለቀስክ እንደላክህበት ነገረኝ። እንባህን ጥረግ። የባንታምላክ እግር አልተሰበረም። ወለም እንኳ አላለውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርህ። ያለፈው ሳምንት ዓርብ የእኛ የገዳሪፍ ሐበሾች ቡድንና የዶካ ቡድን ለፍጻሜ ለማለፍ ተጋጠሙ። እኔ እንደ ወትሮዬ ከመስመሩ ዳር በርጩማዬ ላይ ነኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ የሰሊጥ ዘይት፣ ጨርቅና ሸምበቆ አለ። ሴት ወጌሻ ሜዳ ስትገባ አይተው መጀመሪያ ይስቁ የነበሩት፣ ዛሬ እኔ ካልመጣሁ ኳስ አይነኩም። ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ያንተ ልጅ ኳስ ይዞ ወደ ግቡ ገባ። የዶካው ተከላካይ ሁዜይፋ አጠገቡ ደረሰ። ደረሰ ነው ያልኩህ፤ አልነካውም። ልጅህ ግን አየር ላይ ተገለበጠ፣ እግሩን አቅፎ ተንከባለለ፣ ጩኸቱ ገላባት ድረስ የሚሰማ ነበር። ደጋፊው ሁሉ "በላንቲ! በላንቲ!" አለ፤ እዚህ ፍጹም ቅጣት ምቱን የሚሉት እንደዚያ ነው። ዳኛው ነፋ፤ ለሁዜይፋም ቀይ ካርድ አወጣበት።

ሮጬ ደረስኩና እጄን እግሩ ላይ አሳረፍኩ። የተሰበረ አጥንት ጣት ሲነካው ይናገራል፤ ይህ ዝም አለ። እንደ ገብስ አገዳ ቀጥ ያለ ጤነኛ እግር ነው። ልጅህ ጆሮዬ ሥር ገብቶ "አክስቴ፣ በአባቴ ሞት እሰሪው!" አለኝ። በአንተ ሞት ነው የማለው፣ ደስ ይበልህ። ዳኛው ከላዬ ቆሟል። ሁዜይፋ "ወላሂ አልነካሁትም፣ እማማ!" እያለ ያለቅሳል።

አሰርኩት። አራት ሸምበቆ፣ ሁለት ዙር ጨርቅ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት። በላንቲዋን ሌላ ልጅ አገባት፤ ለፍጻሜ አለፍን። አንደኛ የወንድሜ ልጅ ነው። ሁለተኛ ተናድጄ ነው። "ተሰበርኩ ካልክ ተሰብረሃል፤ አርባ ቀን ትተኛታለህ" አልኩ በሆዴ። ወጌሻ ያሰረውን ራሱ ካልሆነ ሌላ እጅ እንደማይፈታው ታውቃለህ፤ አባታችን ወልደ ማርያም ሙያውን ሲያስተምረኝ መጀመሪያ ያስማለኝ በዚህ ነው። በሦስት ቀን ተሰላችቶ፣ ወጥቶ "ዋሽቻለሁ" ይላል ብዬ ነበር። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው።

ሁዜይፋ ማን መሰለህ? በ77 ወደዚህ ሱዳን ስንሰደድ ከእኔ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ የተኛችው የባሕሪያ ልጅ ነው። አሁን ዶካ ሻይ ትሸጣለች። ልጁ እዚሁ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ከባንታምላክ ጋር ጆንያ ይጭናል፤ ዓርብ ዓርብ ግን ለእናቱ ከተማ ይጫወታል። ለማንም አትንገር። ልጅህ በራሱ አፍ እስኪናገር እየጠበቅሁት ነው።

እህትህ ሸጊቱ


ጎንደር፣ የካቲት 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበርሽ እታለሜ ሸጊቱ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ካንቺና ከልጄ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የአንድ መምህር ሱሪ እያጠበብኩ ነበር፤ "አልተሰበረም" የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ እናቱ እልል አለች፣ እኔም ጣቴን በመርፌ ወጋሁት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሳቅሁ። በእኔ ሞት መማሉ ራሱ ነው ያሳቀኝ።

እታለሜ፣ ይህን ያህል ምን አስቆጣሽ? ኳስ ጨዋታ ነው። ያልወደቀ አጥቂ የት አለ? እዚህ ጎንደርም በየሳምንቱ ቅዳሜ ሲወድቁ አያለሁ፤ ብልጡ ወድቆ ያገኛል፣ ሞኙ ቆሞ ያጣል። ልጁ ከከሰላ ቡድን አንድ አሠልጣኝ ለፍጻሜው ጨዋታ ሊያየው እንደሚመጣ ከመውደቁ በፊት ጽፎልኝ ነበር። ከጆንያ ሥር የሚወጣበት ቀን መጣ ብለን እዚህ ሁላችንም ጸሎት ላይ ነን። በዚያ ቀን ታስሮ ተኝቶ ይዋልልሽ?

እባክሽ ቀስ ብለሽ ፍቺው። ማንም አይጠይቅሽም። "ፈጣሪ ማረው፣ አጥንቱ ቶሎ ገጠመ" በይ፤ እንዲያውም የእጅሽ ዝና ይጨምራል። ሁዜይፋ የሚሉት ልጅም ገና ወጣት ነው፤ ሌላ ዓመት ይጫወታል። ለሰው ልጅ ብለሽ የራስሽን ሥጋ አትቅጪ። ደግሞ አጥቂ ልጅ አጉል አርባ ቀን ቢተኛ እግሩ አይሟሽሽም ወይ? ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቱርካ ጥቂት ሽሮና የባንታምላክን ሹራብ ይዞልሻል።

ታናሽሽ ታከለ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ታከለ፣

ሰላምታውን ዝለለው። ተናድጃለሁ።

ፈጣሪን ለበላንቲ ምስክር አድርጌ ልጥራልህ? ሽሮውን ተቀብያለሁ፤ ምክርህን ግን ከሹራቡ ጋር ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

"ሌላ ዓመት ይጫወታል" ያልከው ልጅ ምን እንደደረሰበት ስማ። ያን ደብዳቤ በላክሁ በሦስተኛው ቀን የሁለቱም ከተማ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ያሰርኩትን ሸምበቆ አዩና "ሸጊቱ ካሰረች ተሰብሯል" አሉ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ። ሁዜይፋ ሁለት ዓመት ኳስ እንዳይነካ ታገደ። ያም ሳይበቃ በሰሊጥ ገበያው ጫኞች ደንብ ሰው የሰበረ፣ የተሰበረው እስኪድን ድረስ የእሱን ድርሻ ይሸከማል። ስለዚህ ያ ልጅ የራሱን ጆንያ ይጭናል፤ ከዚያ ጓደኞቹ ውሃ ሲጠጡ የልጅህን ጆንያ ይጭናል። ልጅህ ቤቴ ተጋድሞ ሬዲዮ ያዳምጣል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ባንታምላክን ልቅጣ ብዬ ያሰርኩት ሸምበቆ የባሕሪያን ልጅ ትከሻ ላጠው።

ሰሞኑን ዐረፋ ነበር። ባሕሪያ ከዶካ በአውቶቡስ መጣች። ልትጣላኝ መስሎኝ በሩን ከመክፈቴ በፊት ነጠላዬን ሁለቴ አስተካከልኩ። ብብቷ ሥር ቀይ ዶሮ ይዛለች፤ በሕይወት ያለች። "እኔ ካረድኳት አትበሉልኝም፤ እናንተው ባርኳት። መረቁ ለልጁ አጥንት ይሁነው። መዓለሽ፣ ሸጊቱዋ፣ ልጄን ይቅር በሉት" አለችኝ። ይቅርታ የምትለምነው እሷ! ባንታምላክ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ሳበው። እኔ ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ብቻ ሻይ ቀድቼላት ስኳር ሳላደርግ ቀረሁ። ዶሮዋን ማረድ አቅቶኛል። ግቢዬ ውስጥ ትንጎራደዳለች፤ ትናንት እንቁላል ጣለች።

አሠልጣኛችን ጀማሉም በየቀኑ ይመላለሳል። ፍጻሜው በበዓሉ ምክንያት ለየካቲት 21 ተላልፏል፤ ለአርባው ቀን አምስት ይጎድላል። "እትዬ ሸጊቱ፣ አምስት ቀን ምን አላት? ይፍቱልን" ይለኛል።

"እግሩ ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም?" አልኩት።

"እሱንማ እርስዎ ያውቃሉ" አለና ዐይኑን ሰበረ።

"ከተሰበረ አርባ ቀን ነው። ካልተሰበረ ሁዜይፋ ፊት ወጥቶ ይናገር፤ አሁኑኑ እፈታዋለሁ። ለሁለቱም መንገድ አለኝ፤ ለመሃሉ የለኝም" አልኩት። ለባንታምላክም ያንኑ ነው ያልኩት። "አክስቴ፣ ከተናገርኩ ከሰላዎቹ አይወስዱኝም" አለኝ። "ካልተናገርክ እኔ አልፈታህም" አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለታችንም ሞኞች ነን።

ለምን ራስሽ አትናገሪም ብለህ አልጠየቅኸኝም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ራሴን እጠይቃለሁ። በዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት ስኖር ያፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ "ሸጊቱ ካሰረች ተሰብሯል" የሚለው ቃል። ከተናገርኩ እሱን ነው የማጣው። እፈራለሁ፣ ታከለ። እንድፈታው ግን አትለምነኝ።

ሸጊቱ


ጎንደር፣ የካቲት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእታለሜ ሸጊቱ፣

በጤና ያግኝሽ። ያቺ ባሕሪያ ያመጣቻት ዶሮ እኔንም አሳዝናኛለች፤ ልቤ ድንጋይ አይደለም። የልጁም መሸከም አሳዝኖኛል። ግን ሸክም ነው፤ ያልፋል። የልጄ ዕድል ካለፈ አይመለስም።

ልናገር ያልፈለግሁትን አናገርሽኝ። ለባንታምላክ ዳኛ የሆንሽ እህቴ፣ የእኔን እግር ማን እንዳሰረው ረሳሽው? በ76 ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምሉ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስሜን በወረቀት ይዞ ደጃችን ሲደርስ፣ ይህን ጤነኛ እግሬን በሸምበቆ ጠፍንጎ "ከዛፍ ወድቆ ተሰብሯል" ያለው ማን ነው? አባታችን ወልደ ማርያም። ሸምበቆውን ያቀበለውስ? አንቺ አይደለሽም? ያን ቀን በእኔ ላይ ዳኛ አልሆንሽም።

በዚያው ዓመት ባንታምላክ ተጸነሰ። ያ ጨርቅ ባይኖር እኔ ዛሬ ሰሜን ጦር ግንባር ስም የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ፤ አሁን አስረሽ የምታሰቃዪውም ልጅ አይወለድም ነበር። እንግዲህ ወይ አባታችንን "ኃጢአተኛ ነበር" በዪኝ፣ ወይ ልጄን ፍቺልኝ።

ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። ካስቀየምኩሽ ይቅር በዪኝ።

ታናሽሽ ታከለ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ ታከለ፣

አላስቀየምከኝም። እንዲያውም ሃያ ዓመት የዋጥኩትን እንድተፋ አደረግኸኝ። ተቀመጥና አንብበው።

አባታችንን ኃጢአተኛ አልለውም። ደጃችን የቆመው ሞት ነበር፤ ልጁን ከሞት ለመሸሸግ ያሰረ አባት ላይ አልፈርድም። ያን ዕለት አንተ ውስጥ ተኝተህ ስለነበር ያላየኸውን ግን እነግርሃለሁ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ስምህን ሰረዘ። "ሰባት ሰው ተብያለሁ፤ ሰባት እልካለሁ" አለ። ቀና ሲል የጎረቤታችን የበለጡ ልጅ ደጉ ማገዶ ተሸክሞ ሲያልፍ አየው። እዚያው፣ አባታችን ፊት፣ አንተ በተሰረዝክበት ላይ ደጉን ጻፈው። አባታችን አፉን ከፈተ። ከፈተና ዘጋው። እኔም የተረፈችውን ሸምበቆ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ዝም አልኩ። በማግስቱ የበለጡ አንድያ ልጅ መኪና ላይ ተጫነ። የሆነውን አንተም ታውቃለህ፤ አልተመለሰም። "ደጉ ፈልጎ ነው የዘመተው" ብለን የነገርንህ እኛ ነን።

ከዚያ ወዲያ አባታችን አንድ አጥንት አልጠገነም። "ዐይኔ ደከመ" ይል ነበር። ዐይኑ እስከ ዕለተ ሞቱ ዳዊት ያነብ ነበር፤ የደከመው ሌላ ነው። ሰው ተሰብሮ ሲመጣበት እኔን ይጠራና ራሱ እጁን ከጋቢው ሥር ይደብቃል። ሙያውን የወረስኩት እንደዚያ ነው፤ በምርቃት አይደለም።

ባንታምላክ የዚያ ጨርቅ ልጅ ነው፤ እውነትህን ነው። መወለዱን አመሰግናለሁ፤ ይህን ስልም አላፍርም። ደጉስ የማን ልጅ ነበር? ያን ጊዜ አንድ ጤነኛ እግር ስናስር ሌላ እናት ልጇን አጣች። አሁን ደግሞ አንድ ጤነኛ እግር አሰርኩ፣ ሌላ እናት ዶሮ ታቅፋ ደጄ መጣች። ያን ጊዜ አማራጭ አልነበረንም እንበል። ዛሬ ግን ደጄ የቆመው ኳስ ነው! ለኳስ ብዬ እጄን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ አልሞትም።

ፍጻሜው ከነገ ወዲያ ነው። ጀማሉ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አክብሬ ሸኘሁ፣ እሱን አላከበርኩትም። ምን እንደማደርግ አልነግርህም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ አድርጌዋለሁ።

እህትህ ሸጊቱ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ ታከለ፣

እንኳን ለጾሙ አደረሰህ። እስካሁን ወሬው ደርሶህ ይሆናል፤ ወሬ ከቱርካ ሎሪ ይፈጥናል። ከሌላ ሰው የሰማኸው ስድብ ሁሉ እውነት ነው፣ ተሰድቤአለሁ። ከእኔ ደግሞ ይህን ስማ።

ጨዋታው ሳይጀመር ባንታምላክን በምርኩዙ ደግፌ መሃል ሜዳ ገባሁ። ጀማሉ ልፈታለት የመጣሁ መስሎት አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከትሎት አጨበጨበ። ሁዜይፋ ታግዶ ስለነበር ከአጥሩ ውጪ ቆሟል፤ አስጠራሁት። ከዚያ ተናገርኩ። "ይህ እግር ያሰርኩት ዕለት ጤነኛ ነበር። ልጁ በአፉ ዋሸ፣ እኔ በእጄ ዋሸሁ። ሁዜይፋ አልነካውም።" አማርኛ ለማይሰማው በዐረብኛ ደገምኩት። የዐረብኛው ባሰ፤ ሁሉም ገባቸው።

"ልፍታው ወይ?" አልኩት ሁዜይፋን። ያለ እሱ ፈቃድ እንዳልፈታው ለራሴ ምዬ ነበር። ልጁ ሸምበቆውን አየ፤ ከዚያ ባንታምላክን አየ። ኋላ "ፍቺው፣ እማማ፣ ጆንያው ከብዶኛል" አለኝ።

ፈታሁት። ልጅህ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ በኋላ የተነሣውን ጩኸት አልጽፍልህም። የእኛ ቡድን ተሰረዘ፤ ዶካዎች በእኛ ቦታ ገብተው በከሰላዎች ሦስት ለባዶ ተሸነፉ። ከከሰላ የመጣው አሠልጣኝ የልጅህን ስም ሳይጠይቅ ሄደ። ሽማግሌዎቹ የሁዜይፋን እገዳ አንሥተው ለባንታምላክ ሰጡት። እኔንም ከሜዳ አባረሩኝ፤ በርጩማዬን በአጥሩ ላይ ወረወሩት። አንድ እግሩ ተሰብሯል። ይኸኛው እውነተኛ ስብራት ነው።

ባንታምላክ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ማልዶ ወጣ። ሰሊጥ የሚያበጥሩት ሴቶች ናቸው የነገሩኝ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ የሁዜይፋን ጆንያ ከትከሻው ላይ ወሰደው። "ሃያ ሦስት ቀን ተሸክመህልኛል፤ ሃያ ሦስት ቀን እሸከማለሁ" አለው። ማንም አላዘዘውም። አመሻሹ ላይ መጥቶ "አክስቴ፣ ትከሻዬን እሺልኝ" አለኝ። አሸሁለት።

ዕድሉን አበላሸሁበት ትላለህ፤ አዎ፣ አበላሽቻለሁ። ተጸጽተሻል ወይ ብትለኝ፣ በማሰሬ ነው እንጂ በመፍታቴ አይደለም። ጻፍልኝ።

ሸጊቱ


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ታከለ፣

ሳምንታት አለፉ፤ አልጻፍክም። ቱርካን በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ "ሰውዬው ሲያየኝ የስፌት መኪናው ሥር የወደቀ መርፌ ይፈልጋል" ይለኛል። መርፌህ ሲገኝ ጻፍልኝ።

ከእኔ ብትደበቅም ወሬዬን አታጣም። ሰው ቀርቶብኛል። "ጤነኛ እግር የምታስር ወጌሻ" ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ክንዱ የወለቀ ሰው ይዘው በደጄ አልፈው ሄዱ፤ ከጩኸቱ ብቻ የቱ ጋ እንደወለቀ አውቄዋለሁ። ይለፉ! አልለምናቸውም። ዘይቴን እየሸጥኩ እበላለሁ።

ቅዳሜ ባሕሪያ ሁዜይፋን ይዛ መጣች። በድርብ ሸክሙ ጊዜ የግራ ትከሻው ተጎድቶ ኖሮ ለማንም አልተናገረም። "ባሕሪያ፣ ከተማው ሙሉ ወጌሻ እያለ እኔ ዘንድ?" አልኳት። የመለሰችልኝን ጻፍኩልህ፤ አንተም ያዘው። "የሌሎቹን እጅ አላውቀውም። ያንቺን ግን ሲዋሽም አይቼዋለሁ፣ እውነት ሲናገርም አይቼዋለሁ። ኻላስ፣ ከዚህ በላይ የማውቀው እጅ የለኝም" አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም በዪኝ አላልኳትም። የልጁ ትከሻ ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን ታከለ፣ አለቀስኩ። ለብዙ ቀን አሸዋለሁ፤ ይድናል።

ዶሮዋን ውሰጃት ብላት "ለፋሲካ እረጃት" ብላኝ ሄደች። አላርዳትም።

ባንታምላክ ሃያ ሦስቱን ቀን ጨርሷል። ዛሬም ይጭናል፤ አሁን የራሱን ነው።

እህትህ ሸጊቱ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለሜ ሸጊቱ፣

ዝም ስላልኩ ይቅር በዪኝ። አምስት ደብዳቤ ጀምሬ አምስቱንም ቀድጃለሁ። በልጄ ዕድል ተቆጥቼ ነው ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት። ዋሸኋት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ደጉ ለእኔ ፈልጎ የዘመተ ጀግና ነበር። እናቱ አሁንም እዚያው የድሮ መንደራችን፣ አይከል አጠገብ ናት፤ አርጅታለች። አንቺ የማታውቂው ነገር፣ በየዓመቱ ለፋሲካ ቀሚስ እሰፋላታለሁ። "የደጉ ጓደኛ" ብላ ትመርቀኛለች፤ ጉልበቴን ይዛ "ይህን እግር እግዜር ይጠብቀው፣ ደጉን ያየሁ ይመስለኛል" ትለኛለች። በደስታ ስቀበለው የኖርኩት ምርቃት ነው። ዘንድሮም ቀሚሱን ይዤ ባለፈው ሳምንት አይከል ወረድኩ። ደጇ ድረስ ሄድኩ። ውስጥ ስታስል ሰማኋት። ቀሚሱን አጥሯ ላይ ሰቅዬ ሮጬ ተመለስኩ። በአርባ አንድ ዓመቴ፣ እታለሜ፣ እንደ ሌባ ሮጥኩ።

ባንታምላክ ደብዳቤ ልኮልኛል፤ አንዲት መስመር ናት። "አባዬ፣ ሃያ ሦስቱን ቀን ጨርሻለሁ" ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት? የእኔ ስንት ቀን ነው?

አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን የእኔን እግር አባታችን አልፈታውም። ሊቀመንበሩ በሄደ በሳምንቱ ራሴ በቢላዋ ቆርጬ ጨርቁን ከበረቱ ጀርባ ቀበርኩት። አባታችን አልጠየቀኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬን አይቶ አያውቅም። ደንቡ ያሰረ ይፍታ ነው። እሱ የለም፤ እጁን የወረስሽ አንቺ ነሽ። በወረቀትም ቢሆን "ፈትቼሃለሁ" በዪኝ።

ታናሽሽ ታከለ


ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ ታከለ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አለቀስኩ፣ በሁለተኛው ሳምኩት፣ በሦስተኛው ተናደድኩ።

በወረቀት አልፈታህም። ልጅህን ያልማርኩ አንተን አልምርህም።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ፣ በቱርካ ሎሪ መጥቼ አይከል እወርዳለሁ። ባንታምላክ አብሮኝ ይመጣል፤ ራሱ ነው ልምጣ ያለው። አራት ሸምበቆ ቆርጫለሁ። ከልጅህ እግር የፈታሁትንም ጨርቅ አጥቤ አድርቄዋለሁ። አንተ ከጎንደር ና። በበለጡ ደጅ፣ በፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ቁጭ ብለህ እግርህን ትዘረጋለህ። አባታችን እንዳሰረው አድርጌ አስርሃለሁ። ከዚያ አንተ የምታውቀውን ትነግራታለህ፤ አንተ ያላየኸውን እኔ እነግራታለሁ። ሸምበቆ ያቀበለውን እጄንም አሳያታለሁ።

ብትቀር እኔ ብቻዬን እነግራታለሁ። ያን ጊዜ ስምህን እኔ እጠራዋለሁ፣ አንተ ግን በቦታው የለህም። እንደገና በሌለህበት ስምህ እንዲጠራ ትፈልጋለህ?

ተናግረን ስንጨርስ "ልፍታው ወይ?" እላታለሁ። ፍቺው ካለች እፈታሃለሁ። ካላለች ታስረህ ጎንደር ትገባለህ።

እህትህ ሸጊቱ